የለማዳ አይጦችን ትልቅ የሽቦ ቤት ሳሎን ውስጥ ሳይሸት መያዝ

በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ባለ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሳሎናችን ጥግ አራት ለማዳ አይጦች ይኖራሉ። ቡሬ፣ ሻሽ፣ ዳማና ቡላ ይባላሉ። ስም ያወጣችላቸው ልጄ ናት፤ አያቷ ላሞቻቸውን በመልካቸው ሲጠሩ ሰምታ ነው። አራቱም እንስት ናቸው። ቤታቸው ስፋቱ 90፣ ጥልቀቱ 60፣ ቁመቱ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ ሦስት ወለል የሽቦ ቤት ሲሆን የሠራልን የሰፈር ብረት በያጅ ነው። እንግዳ ሁሉ ገና ከበር ሲገባ «አይሸትም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አይሸትም። ግን መጀመሪያ ይሸት ነበር፤ ሽታው አስመርሯቸው እንስሳቱን ለሌላ ሰው የሰጡ ሁለት ቤተሰቦችም አውቃለሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው ጥፋቱ የአያያዝ ሆኖ ሳለ የተወቀሱት እንስሳቱ ናቸው። ከዚህ በታች የምጽፈው እኛ ቤት ተሞክሮ የሠራውን ነው።

ሽታው ከየት ይመጣል?

ይህን ሳይረዱ ብሩሽ ማንሳት ድካም ብቻ ነው። አይጥ ሰውነቱን እንደ ድመት እየላሰ፣ ፊቱን በሁለት እጁ እያበሰ የሚውል ንጹሕ እንስሳ ነው። ገላው አይከረፋም፤ ትኩስ ሽንቱም ያን ያህል አይሸትም። ችግሩ የሚጀምረው ሽንቱ እርጥብ ንጣፍ ላይ ሲቆይ ነው። በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ይሰባብሩትና አሞኒያ ያደርጉታል። ዓይን የሚቆጠቁጠው፣ መጋረጃ ላይ የሚቀረው እሱ ነው።

አንዲት 300 ግራም የምትመዝን አይጥ በቀን 30 ሚሊ ሊትር አካባቢ ውኃ ትጠጣለች። የአራቱ የቀን ሽንት ሲደመር በግምት አንድ የቡና ሲኒ ይሞላል። በሳምንት ሰባት ሲኒ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ንጣፍ ውስጥ ሰርጎ ከተኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የቱንም ያህል ቢታጠብ ከማክሰኞ ጀምሮ ቤቱ ይሸታል። በየቀኑ የረጠበው ብቻ ከተነሳ ግን ባክቴሪያው የሚሠራበት እርጥበት አያገኝም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ማድረቅ ነው፤ ማጠብ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ዳማ ታማብኝ ነው። ያን ክረምት በየሳምንቱ ቤቱን በሙሉ በብዙ ውኃ አጥብ ነበር። እንደ ትጋት ነበር የምቆጥረው። አንድ ቀን ዳማ ማስነጠስ ጀመረች፤ በማግስቱ አፍንጫዋና የዓይኗ ጥግ ቀላ። ደም መስሎኝ ደነገጥሁ። የእንስሳት ሐኪሙ ጥጥ በውኃ አርሶ ጠረገላትና ደም አለመሆኑን ነገረኝ። አይጦች ከዓይናቸው ጀርባ ካለ ዕጢ የሚያመነጩት ፖርፊሪን የሚባል ቀይ ፈሳሽ አለ፤ ሲታመሙ ወይም ሲጨነቁ ይበዛል። ከዚያ የጠየቀኝ ስለ ምግቧም ስለ ዕድሜዋም አልነበረም። «ቤታቸው ከታጠበ በኋላ ለመድረቅ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የእንጨት መደርደሪያዎቹ እርጥብ እንደሆኑ ነበር አይጦቹን የምመልሳቸው። ዝናቡ አያደርቅም፤ እንጨቱ ደግሞ ሽንቱንም ውኃውንም ይዞ ይከርማል።

አሞኒያ ከእኛ ይልቅ እነሱን ይጎዳል። እኛ ሳሎኑ ውስጥ ቆመን እናልፋለን፤ እነሱ አፍንጫቸውን ንጣፉ ላይ ደፍተው ይተኛሉ። ማይኮፕላዝማ ፑልሞኒስ የሚባል ተህዋሲ በአብዛኞቹ ለማዳ አይጦች የመተንፈሻ አካል ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ አሞኒያው ጉሮሯቸውንና ሳንባቸውን ሲያስቆጣ ይነሳባቸዋል። የሰው አፍንጫ አሞኒያውን ከለየው ለአይጦቹ ቀድሞ በዝቷል ማለት ነው። እኔ ጠዋት መስኮት ከመክፈቴ በፊት ተንበርክኬ፣ በታችኛው ወለል በር በኩል አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸታለሁ። ሌሊቱን ተዘግቶ ያደረ ክፍል አይዋሽም።

ቤቱ ራሱ ለጽዳት የተመቸ ይሁን

ገና ልታሠሩ ከሆነ እድለኞች ናችሁ። የሽቦው ቀዳዳ ከ1.2 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ጭንቅላቷ ካለፈ አካሏ ማለፉ አይቀርም። ወለሉ ግን ሽቦ መሆን የለበትም። ብዙዎች ቆሻሻው ወደ ታች እንዲወርድ ብለው ወለሉንም ሽቦ ያደርጉታል። ሽቦ ላይ የሚውል አይጥ መዳፉ ይቆስላል፣ ያብጣል፤ በዚያ ላይ ሽንቱ በየሽቦው መጋጠሚያ ይጋገራል። ከላሜራ የተሠራ፣ ዙሪያው ስምንት ወይም አሥር ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ የታጠፈ፣ እንደ መሳቢያ ተስቦ የሚወጣ ትሪ ለእያንዳንዱ ወለል አሠሩ። ቀለም ያልተቀባ ሽቦ ሽንት ይበላዋል፣ ይዝጋል፤ የዛገ ሽቦ ደግሞ ቢታጠብም ሽታውን አይለቅም። በደንብ ይቀባ፤ የቀለሙ ጠረን ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስም አይጦቹን አታስገቡ።

በሩን ሰፊ አድርጉት። እጅ እስከ ትከሻ ገብቶ የኋለኛውን ጥግ መንካት ካልቻለ ያ ጥግ መቼም አይጸዳም። በእኛ ቤት የመጀመሪያው በር ጠባብ ነበርና በያጁ ዘንድ መልሰን ወስደን የፊቱን ግማሽ በር አስደረግነው። ከወጪ ሁሉ ያልቆጨኝ እሱ ነው። ከሥሩ አራት ጎማ ካለው ከግድግዳ ለይቶ ኋላውን መጥረግ ቀላል ይሆናል። ከግድግዳው አንድ ክንድ ባይሆንም አንድ ስንዝር ይራቅ። ከሥሩ የፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፉ።

እንጨት መደርደሪያ ካለ በፕላስቲክ ወይም በላሜራ ትሪ ተኩት። ለመውጣትና ለማኘክ የምትሰጧቸው እንጨት ሲያረጅ የሚጣል ይሁን። የፊት ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ስለሚያድግ የሚያኝኩት ነገር የግድ ያስፈልጋቸዋል።

የሚቀመጥበትንም ቦታ አስቡበት። ወጥ ቤት አይሆንም። ቡና የሚቆላበት፣ ከሰል የሚነድበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ክፍልም አይሆንም። ሽታ ሲመጣ ዕጣን ማጨስ ወይም ሽቶ መርጨት ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። አሞኒያው እንዳለ ሆኖ ጢስ ይጨመርበታል እንጂ የሚቀንስ ነገር የለም፤ ደካማው ሳንባቸው ሁለቱንም መሸከም አለበት። ፍሊትማ በአጠገባቸው ጨርሶ አይረጭ።

ንጣፍ

በአዲስ አበባ መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሰጋቱራ ነው፤ ከየእንጨት ቤቱ በማዳበሪያ ሞልቶ ይገኛል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። እኔ አልመክርም። የመጋዙ ዱቄት ደቃቅ ስለሆነ አፍንጫቸው ውስጥ ይገባል። የምን እንጨት እንደሆነም አይታወቅም። የሐበሻ ጥድ ከሆነ ያ ደስ የሚል መዓዛው ለአይጥ ጉበትና ሳንባ አይስማማም፤ የባሕር ዛፍም ዘይት አለው። ቺፑድና ኤም ዲ ኤፍ የሚባለው የተጨመቀ ጣውላ ከሆነ ደግሞ ሙጫ አለበት። ጭድም አቧራው ይበዛል፣ ሽንትም አይመጥም።

እኛ የምንጠቀመው ወረቀት ነው። መሥሪያ ቤቶች በማሽን ቆራርጠው የሚጥሉት ነጭ ወረቀት ማንም የማይፈልገው ነገር ነው፤ እዚያ ከሚሠራ ዘመድ ወይም ጓደኛ በወር አንድ ማዳበሪያ ማግኘት አያቅትም። ስቴፕል አለመኖሩን ግን በእጃችሁ እየበረበራችሁ ተመልከቱ። ያልተቀባ ካርቶንና የእንቁላል ትሪ በእጅ ተቀዶ ቢቀላቀልበት ይበልጥ ይመጥጣል። ታችኛው ወለል ላይ ውፍረቱ አራት ጣት ይሁን። በላይኞቹ ወለሎች ላይ ጨርቅ እናነጥፋለን፤ ያረጀ ለስላሳ ብርድ ልብስ ተቆርጦ በደንብ ያገለግላል። ነጠላና ጋቢ ግን ተዉ። ክሩ እየተፈታ ጣታቸውን ይጠመጥማል፤ የቡሬን ጣት ከክር በመቀስ ጫፍ ሳላቅቅ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

የሽንት ቤቱ ጥግ

አይጥ ከተፈቀደለት የሚጸዳዳበትን ቦታ ራሱ ይመርጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አትለውጡ፤ ኩሳቸው የሚበዛበትን ጥግ ብቻ ተመልከቱ። ከዚያ እዚያው ጥግ ላይ ዝቅ ያለ የፕላስቲክ ሳሕን አስቀምጡ፤ ውስጡ የተቀደደ ካርቶን፣ ከላዩ ደግሞ ታጥቦ የደረቀ የዕንቁላል መጠን ያለው ለስላሳ ድንጋይ ይሁን። አይጦች ድንጋይ ላይ መሽናት ይወዳሉ። ከሌላ ቦታ ያገኛችሁትን ኩስ እያነሳችሁ ሳሕኑ ውስጥ ጨምሩ። ኩሱን ወዲያው ይለምዱታል፤ ሽንቱን ግን ሙሉ በሙሉ አይለምዱም፣ ምክንያቱም ሽንት ለእነሱ ምልክት ማድረጊያም ነው። ሲራመዱ ጠብታ ጠብታ ይጥላሉ። በተለይ ወንዶቹ። ይህን በቁጣ ማስቀረት አይቻልም፤ ለዚህ ነው የላይኞቹ ጨርቆች የሚያስፈልጉት።

የየቀኑ ሥራ

እኔ የምሠራው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ እነሱ ሲነቁ ነው። ቀን የእንቅልፋቸው ሰዓት ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

የሽንት ቤቱን ሳሕን አውጥቼ ውስጡን እደፋለሁ፣ በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ አዲስ ካርቶን እሞላለሁ። ከታችኛው ንጣፍ ላይ የረጠበውን ብቻ በቆየ ጭልፋ አነሳለሁ፤ እርጥብ ወረቀት ከሥር ተጣብቆ ስለሚገኝ ላዩን አይቶ ማለፍ ያታልላል፣ ጭልፋውን እስከ ላሜራው ድረስ መስደድ ነው። ከዚያ መደርደሪያዎቹን በአቼቶ እወለውላለሁ፤ አንድ እጅ አቼቶ ለሦስት እጅ ውኃ። አቼቶ አሲድ ስለሆነ አሞኒያውን ያከሽፈዋል፤ የራሱ ሽታ ደግሞ ሲደርቅ ይጠፋል።

ቀጥሎ የተደበቀ ምግብ ፍለጋ ነው። ቡላ ባለሀብት ናት። ጎመኑን ከግራ ጥግ፣ ዳቦውን ከቀኝ ጥግ፣ የዱባ ፍሬውን ካርቶን ቤቷ ውስጥ ትቀብራለች። እርጥብ የሆነውን ሁሉ አነሳለሁ፤ ደረቁን እህል ግን ጥቂት እተውላታለሁ፣ ሁሉን ከወሰድሁባት ሌሊቱን ስትቆፍር ታድራለች። በነገራችን ላይ ምግቡም ከሽታው ጋር ይገናኛል። ሥጋ፣ እንቁላልና ባቄላ ሲበዛ በሽንት ውስጥ ዩሪያው ይበዛል። የእኛዎቹ ዋና ምግብ እህል ነው፤ እንቁላል በሳምንት አንድ ጊዜ ትንሽ ይቀምሳሉ።

በመጨረሻ የውኃ ጠርሙሱን እመለከታለሁ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ካልገጠመች ሌሊቱን ሙሉ ያንጠባጥባል፤ ጠዋት የሚገኘው እርጥብ ጥግ የሽንት ይመስላል። ጣቴን ጫፉ ላይ አሳርፌ አነሳለሁ፤ ጣቴ ከተነሳ በኋላ ጠብታ ከቀጠለ ጠርሙሱ ይቀየራል። ከሥሩ ትንሽ የቡና ሲኒ ማስቀመጥም ይረዳል። ጠርሙሱ ውስጡ አረንጓዴ እንዳያበቅል በሁለት ቀን አንዴ በጠባብ ብሩሽ ይታጠባል።

በሳምንት ሁለት ጊዜ

ረቡዕ የታችኛውን ንጣፍ ቀኝ ግማሽ፣ እሑድ ግራውን ግማሽ እቀይራለሁ። ጨርቆቹንም እንዲሁ፤ ረቡዕ የላይኛው ወለል፣ እሑድ የመካከለኛው። ሁሉን በአንድ ቀን መቀየር ንጽሕና ይመስላል፤ አይጦቹ ግን የራሳቸውን ጠረን ሲያጡ ቤቱ የእነሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ሁሉን ነገር እንደገና ይሸኑበታል። እኔ በየሳምንቱ ሁሉን አጥቤ በማግስቱ የባሰ የሸተተኝ በዚህ ነበር።

የወጡትን ጨርቆች መጀመሪያ አራግፉ፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ፣ ቀጥሎ በሙቅ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና እጠቡ። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ አንድ ሲኒ አቼቶ ጨምሩበት። ሽቶ ያለው ማለስለሻ አያስፈልግም። ከሰው ልብስ ጋር አይታጠብ፤ ሳፋውም ለእነሱ የተለየ ይሁን።

ሙሉ እጥበት፣ በሁለት ጀሪካን ውኃ

በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። ለመላው ሥራ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እጠቀማለሁ፤ ውኃ በሚመጣበት ቀን ሞልቼ አስቀምጣለሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጀመር ጥሩ ነው፤ ፀሐዩ እስከ ከሰዓት ድረስ ያግዛችኋል።

1. አይጦቹን አየር ማስገቢያ ወዳለው የፕላስቲክ ሳጥን አዛውሩ። ከቤታቸው የወጣ አንድ ጨርቅና ቁራጭ ኪያር አብሯቸው ይግባ፤ ኪያሩ ውኃቸውም ነው። ሳጥኑን ጸጥ ባለ መኝታ ክፍል አስቀምጡ።

2. ከንጣፉ ደረቁንና ንጹሑን ሁለት እፍኝ ለብቻው አስቀሩ። አንድ ያልታጠበ ጨርቅም እንዲሁ።

3. የቀረውን ንጣፍ ከመጥረጋችሁ በፊት በውኃ ርጩት፤ አቧራው ከተነሳ የደረቀ ሽንትና ኩስ ነው የምትተነፍሱት። አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው አፍንጫና አፉን ይሸፍን፤ የአይጥ ሽንት ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች አለርጂ ይቀሰቅሳሉ። ጓንት ሁላችንም እናጥልቅ።

4. ትሪዎቹን ሳቡ። በጥጎቹና በመጋጠሚያዎቹ ላይ ነጭ ቢጫ፣ እንደ ጀበና ውስጥ ቅርፊት ያለ ደረቅ ነገር ታያላችሁ። የተጋገረ የሽንት ጨው ነው። ሳሙና አያነሳውም፣ ጥፍርም አያነሳውም። ጨርቅ ባልተበረዘ አቼቶ አርሳችሁ ላዩ ላይ ለ15 ደቂቃ ጣሉበት። ጨርቁን ስታነሱ ቅርፊቱ ለስልሶ፣ ጠርዙ ተላቆ ይጠብቃችኋል፤ በቆየ የባንክ ካርድ ስትገፉት በአንድ ገጽ ይነሳል። ለዚህ የሽቦ ስፖንጅ አትጠቀሙ። ቀለሙን ይፍቀዋል፤ በተፋቀው በኩል ደግሞ ዝገት ይገባል።

5. ከመጀመሪያው ጀሪካን ግማሹን ሞቅ አድርጋችሁ በባልዲ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ፈሳሽ የእቃ ሳሙና ጨምሩበት። ሽቦውን ከላይ ወደ ታች፣ ከውስጥም ከውጭም በብሩሽ እሹት። መጋጠሚያዎቹን፣ የበር ማጠፊያዎቹንና የትሪዎቹን ማስገቢያ ሐዲድ በቆየ የጥርስ ብሩሽ። ሽታ የማይለቅ ቤት ብዙ ጊዜ የሚሸተው ከዚያ ሐዲድ ነው።

6. ትሪዎቹን በሳፋ ውስጥ እጠቡ። ሽቦውን በተጨመቀ ጨርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ እያለቀለቃችሁ አጽዱ፤ ውኃ ማፍሰስ አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ጀሪካን ቀሪ ለዚህ ተጠቀሙ። ሁለተኛው ጀሪካን ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ነው። ይህ የመጨረሻ ውኃ ንጹሕ ስለሆነ በባልዲ ተጠራቅሞ ሽንት ቤት ይደፋበታል።

7. በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ከዚያ በረንዳ ላይ ወይም በተከፈተ መስኮት አጠገብ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቁም። ደርቋል ብላችሁ ከማመናችሁ በፊት ሶፍት አጣጥፋችሁ በየጥጉና በሐዲዱ ውስጥ አስገብታችሁ አውጡ። ሶፍቱ ከረጠበ ገና ነው። ያ የሐኪሙ ጥያቄ መልሱ ይህ ሶፍት ሆነልኝ።

8. አዲሱን ንጣፍ አድርጋችሁ ያስቀራችሁትን ሁለት እፍኝ ከላዩ በትኑት፤ ያልታጠበውንም ጨርቅ መኝታቸው ላይ አድርጉት። ስታስገቧቸው ሻሽ ሁልጊዜ ቀድማ ወደዚያ ጨርቅ ትሄዳለች፤ አሽትታው ከሥሩ ትገባለች። የቀሩት ይከተሏታል።

በረኪና መቼ?

ለዘወትር ጽዳት አያስፈልግም። አይጥ ታሞ ከሆነ፣ ወይም የሞተ እንስሳ ከነበረበት ቤት የተገዛ አሮጌ ሽቦ ቤት ከሆነ ግን ይጠቅማል። መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ፣ ሽንቱ ሁሉ ተለቅልቆ መውጣት አለበት። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ በርዛችሁ ቀቡት፣ አሥር ደቂቃ ይቆይ፣ በደንብ ይለቅለቅ፣ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ንፋስ ያግኘው።

ይህን ሳላስጠነቅቅ አላልፍም፦ በረኪናና አቼቶ በአንድ ቀን፣ በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ጨርቅ አይገናኙ። ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በረኪና በሽንት ላይ በቀጥታ ሲፈስም ከአሞኒያው ጋር ሳንባ የሚያቃጥል ሌላ ጋዝ ይፈጥራል። መስኮት በሌለው የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ክረምት ሲገባ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙሉ እጥበት አላደርግም። አንዱን ወለል ብቻ አውጥቼ አጥባለሁ፣ ይደርቃል፣ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው። የየቀኑን ውልወላ ግን ሁለት ጊዜ አደርገዋለሁ፤ ወረቀቱ ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ ሽንት የመምጠጥ አቅሙ ይቀንሳል። መጠባበቂያውን ወረቀት ክዳን ባለው ባልዲ አስቀምጡት፤ በረንዳ ላይ በማዳበሪያ ካደረ ሳይነጠፍ ይሻግታል። ጨርቆቹ በገመድ ላይ ሁለት ቀን ውለው ካልደረቁ በካውያ ተኩሷቸው። ሙቀቱ ያደርቃል፣ የጨርቅ ተባይም ይገድላል። ከሰል አያይዞ ሽቦውን በአጠገቡ ማድረቅ አይሞከር፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጋዝ ሰውንም ይገድላል። መብራት ካለ የፀጉር ማድረቂያ ለሐዲዶቹ ይበቃል።

እጅ፣ ቆሻሻና የውጭ አይጦች

ከሥራው በኋላ እጅን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ታጠቡ፤ ልጆችንም ተቆጣጠሩ። የአይጦቹ እቃ በወጥ ቤት ገንዳ አይታጠብ። ቁስል ያለበት እጅ ይሸፈን። ከነከሰቻችሁ ወዲያው በውኃና በሳሙና እጠቡት፤ ከቀናት በኋላ ትኩሳት ወይም ሽፍታ ከመጣ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ አይጥ እንደነከሰቻችሁ ተናገሩ።

የሚጣለውን ንጣፍ በሁለት ፌስታል አድርጋችሁ በደንብ ቋጥሩት። ቤት ለቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡት እናቶችና ወጣቶች ማዳበሪያውን በእጃቸው አንስተው በትከሻቸው ነው ደረጃ የሚያወርዱት፤ የተቀደደ ፌስታል አንገታቸው ላይ ይፈስሳል። እኔ ቋጥሬ ራሴ ምድር ቤት ድረስ አወርድላቸዋለሁ።

ያልተቋጠረ ቆሻሻ የውጭ አይጦችንም ይጠራል፤ የወደቀ እህልም እንዲሁ። የውጭ አይጥ በሽንቱ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ፣ በቁንጫው ደግሞ የታይፈስ ዓይነት ሊያመጣ ይችላል፤ ከእኛዎቹ ጋር መገናኘት የለበትም። እህሉን ክዳኑ በሚገጥም የብረት ጣሳ ውስጥ አድርጉት፤ ከሽቦ ቤቱ ሥር የተበተነውን ማታ ማታ ጥረጉ፤ በረንዳ በኩል ያለውን የቧንቧ ቀዳዳ በሲሚንቶ አስደፍኑ።

የጋራ ደረጃው ላይ የአይጥ መርዝ ይደረግ የሚል ሐሳብ በሕንፃችን ስብሰባ ሲነሳ እጄን አውጥቼ ተናገርሁ። አይጥ ማስታወክ አይችልም፤ አንዴ የዋጠውን መርዝ የሚያወጣበት መንገድ የለውም። የእኛዎቹ ደግሞ ምሽት ላይ ሳሎን ውስጥ ይለቀቃሉ፤ አንዷ በበር ሥር ሾልካ ደረጃ ላይ ብትወጣ ያገኘችውን ቀምሳ ትመለሳለች። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እማማ «የእኔም ድመት የተመረዘውን አይጥ ብትበላስ?» ብለው አገዙኝ። በመርዙ ፈንታ የብረት ወጥመድ ተገዝቶ ምድር ቤት ቆሻሻ ማቆያው አጠገብ ተቀመጠ፤ የበራችንን ሥርም በጎማ አስደፈንነው።